መሬቱ የማን ነው? የሞንታና ሠዓሊያንና የመልክዓ ምድር አነባበብ ችግር

ስለ ሞንታና ሥነ ጥበብ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሰማዩ ነው። ግዛቷ ራሷ «የሰፊው ሰማይ አገር» በሚል ቅጽል ትታወቃለች። የቆዳ ስፋቷ 380 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን ሲሶ ያህላል ማለት ነው። በ2020 በተካሄደው ቆጠራ ግን ሕዝቧ 1.1 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰው በተራራቀበት አገር ዐይን የሚያርፈው ተራራና ደመና ላይ ስለሆነ፣ የዚህችን ግዛት ሠዓሊዎች የተፈጥሮ ውበት መዝጋቢ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ሆኗል። የጎብኚዎች መምሪያውም የዐውደ ርእይ ካታሎጉም ይህንኑ ያስተጋባሉ።

ይህ አነባበብ ሥራዎቹን ያሳንሳቸዋል። በሞንታና መሬት ከመታየቱ በፊት የሚጋጥ፣ የሚለካ፣ የሚታጠር፣ የሚሸጥ፣ የሚነጠቅ ነገር ነው። ከግዛቷ ከወጡት ጠንካራ ሥራዎች አንዱ ለከብት ባለቤት የተላከ መልእክት ነው፤ ሌላው ከጡብ ፋብሪካ ጭቃ የወጣ ነው፤ ሌላው የመሬት ውል ይጠይቃል። እነዚህ ሠዓሊያን በመልክዓ ምድር መነጽር ሲታዩ የሚጠፋው፣ በይዞታ መነጽር ሲታዩ የሚገለጥ ብዙ ነገር አለ። መልክዓ ምድር ተመልካቹን ከመሬቱ ውጭ ያቆመዋል። ይዞታ ደግሞ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሠራበት፣ ማንስ ለቅቆ እንደሄደ ያስጠይቀዋል።

የማይታለፈው መነሻ ቻርልስ ራስል ነው። በ1864 በሴንት ሉዊስ ከተማ ከደህና ቤተሰብ ተወልዶ በ16 ዓመቱ ወደ ሞንታና መጣ። መጀመሪያ በግ ጠበቀ፤ አልሆነለትም። ከአንድ አዳኝ ጋር ተጠግቶ ተራራውን ለመደ፤ ከዚያም በጁዲዝ ተፋሰስ የከብትና የፈረስ መንጋ ጠባቂ ሆኖ ለዓመታት ሠራ። ሥዕልን የተማረው ማታ ማታ መንጋ እየጠበቀ፣ ቀን ቀን እየሣለ ነው ማለት ይቻላል።

በ1886 የሙቀቱ ወራት ያለ ዝናብ አለፉ። ሣሩ ቀድሞም ከልክ በላይ ተግጦ ነበር። ተከትሎት የመጣው የበረዶ ወቅት በሰሜኑ ሜዳ ላይ ያለውን ከብት ፈጀው። ሄለና ከተማ የሚኖረው የመንጋው ባለቤት ሉዊስ ካውፍማን «ከብቶቼ እንዴት ከረሙ?» ብሎ ላከ። የመንጋው ኃላፊ መልስ ሊጽፍ ሲሰናዳ፣ ራስል ከፖስታ ካርድ በማይበልጥ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም አንድ ከብት ሣለ። ከብቱ አጥንቱ ወጥቷል፤ ጀርባውን አጉብጦ፣ አንገቱን ደፍቶ በረዶ ላይ ቆሟል፤ ጎኑ ላይ በእሳት የተተኮሰው የባለቤቱ ምልክት ይነበባል፤ ተኩላዎች አጠገቡ ሆነው መውደቁን ይጠባበቃሉ። ኃላፊው ይህን ሲያይ ደብዳቤውን ተወው፤ ሥዕሉ ብቻ ተላከ። ኋላ «ቺኑክን መጠበቅ» ተብሎ ተጠራ። ቺኑክ ከሮኪ ተራሮች እየወረደ በረዶውን የሚያቀልጠው ሞቃት ነፋስ ነው። ሌላ ስምም አለው፦ «ከ5,000ዎቹ የመጨረሻው»።

ይህን ቁራጭ ወረቀት ቀርቦ ላየው ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፤ አገሩ የለበትም። ተራራ የለም፤ የሚደነቅ ሰማይም የለም። ወረቀቱ ራሱ በረዶ ሆኗል። የቀረው ሦስት ነገር ነው፦ ንብረቱ፣ የባለንብረቱ ምልክት፣ ንብረቱን የሚወስደው አውሬ። ሥዕሉ የሒሳብ ሪፖርት ነው፤ ኃይሉም ከዚያ ይመነጫል። የከብቱ ስቃይ እና የባለሀብቱ ኪሳራ በአንድ አካል ላይ ተደራርበው ስለተሣሉ፣ ተመልካቹ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማዘን አይችልም። ራስል በኋለኛው ዘመኑ፣ በተለይ በ1896 ካገባት ከናንሲ ኩፐር ጋር ሆኖ ገበያው ከተከፈተለት በኋላ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጎሽ አደንና የፈረሰኛ ፍልሚያ ሥዕሎች ሠርቷል። ብዙዎቹ በጥሩ እጅ የተሠሩ የትዝታ ሥዕሎች ናቸው። እንደዚህች ብጣሽ ወረቀት ያለ ሐቅ ግን ጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።

ከጥቂቶቹ አንዱ ከሁሉም ግዙፉ ነው። የግዛቷ ምክር ቤት በሄለና ለሚገኘው አዳራሹ ትልቅ ሥዕል አዘዘው፤ ዋጋው 5,000 ዶላር ነበር። በ1912 ተጠናቆ የተሰቀለው ይህ ሸራ ቁመቱ 12 ጫማ፣ ወርዱ 25 ጫማ ነው፤ ሠዓሊው የግንድ ስቱዲዮውን ጣሪያ ከፍ ማድረግ አስፈልጎት ነበር። ርእሱ ሉዊስና ክላርክ የተባሉት አሳሾች በመስከረም 1805 በሮስ ሆል ከሳሊሽ ሕዝብ ጋር ያደረጉት ግንኙነት ነው። እንዲህ ያለ ርእስ የተሰጠው የዘመኑ ሠዓሊ ሁለቱን ሻምበሎች መሀል አቁሞ፣ ባንዲራ አሲዞ፣ ነባሮቹን ዳር ላይ ተደንቀው እንዲያዩ ያደርጋቸው ነበር። ራስል ይህን ገለበጠው። ሸራውን የሞሉት በፈረስ እየጋለቡ የሚደርሱት ሳሊሾች ናቸው፤ ፈረሶቹ ረጅሙን ሣር እየጣሱ ተመልካቹ ላይ ሊወጡ የደረሱ ይመስላሉ። ሉዊስና ክላርክ በስተቀኝ፣ ራቅ ብለው፣ ትንንሽ ሆነው ቆመዋል። ተቀባዮቹ ባለ አገሮቹ ናቸው፤ እንግዶቹ ደግሞ የደከሙና ፈረስ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች። ታሪኩም ይህንኑ ይደግፋል፤ ተጓዦቹ ተራራውን ለመሻገር የሚያስፈልጋቸውን ተጨማሪ ፈረስ ያገኙት ከሳሊሾች ነበር።

ሐያሲዎች ይህን አደራደር ሲያደንቁ ኖረዋል፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ከሥዕሉ ጎን ሌሎች ዓመታትን ማስቀመጥ ይገባል። ሮስ ሆል ያለበትን የቢተርሩት ሸለቆ ሳሊሾች በ1891 በአለቃቸው ቻርሎ መሪነት ተገደው ለቅቀው፣ በስተ ሰሜን ወደሚገኘው የፍላትሄድ ሪዘርቬሽን ሄደዋል። ይህ በ1855ቱ ስምምነት የተከለለላቸው መሬት በ1904 በወጣ ሕግ ለግለሰቦች እንዲከፋፈል ተወሰነ፤ በ1910 ደግሞ «ትርፍ» የተባለው መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች ተከፈተ። እንግዲህ ምክር ቤቱ ሳሊሾችን የአገር ባለቤት አድርጎ የሚያሳየውን ሥዕል ግድግዳው ላይ የሰቀለው የቀራቸው መሬት ለሰፋሪ ከተከፈተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በሥዕሉ ላይ ከፊት መሆንና በመሬቱ ላይ መሆን ተለያዩ። ራስል ለነባሮቹ የነበረው አክብሮት የልብ እንደነበር አልጠራጠርም፤ መሬት ላጡት የቺፐዋና የክሪ ሰዎች ተከራክሯል፣ በ1916 ሮኪ ቦይ የተባለው ሪዘርቬሽን ሲቋቋም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ችግሩ ከሠዓሊው ቅንነት የሰፋ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ክብር የተወሰደውን መሬት አላስመለሰም።

በምሥራቁ ደረቅ ሜዳ፣ ቴሪ በምትባል ከተማ አካባቢ፣ ኤቭሊን ካሜሮን የተባለች እንግሊዛዊት ከ1894 ጀምሮ ፎቶ ታነሳ ነበር። ፈረስ ገሪ፣ አትክልት ሻጭና ማስታወሻ ጸሐፊም ነበረች። መስታወት ላይ የተነሡት ምስሎቿ እሷ በ1928 ከሞተች በኋላ በአንዲት ወዳጇ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ወጡ። ሰፋሪዎች ከአዲሱ ቤታቸው ፊት፣ ከማሳቸው መሀል ቆመው የተነሡበት ምስል ሁሉ የይዞታ ማረጋገጫ ይመስላል። ብዙዎቹ በድርቅ ያንን መሬት ጥለው እንደሄዱ ለሚያውቅ ሰው ምስሎቹን ማየት ከባድ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው ምዕራፍ ከሁሉም የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነው። በ1946 ፍራንሲስ ሴንስካ የምትባል መምህርት ቦዝማን በሚገኘው የሞንታና ስቴት ኮሌጅ የሸክላ ሥራ ማስተማር ጀመረች። ሴንስካ የተወለደችው በካሜሩን፣ ከሚሲዮናውያን ወላጆች ነው። ኮሌጁ ስትደርስ የተሟላ ወርክሾፕ አልጠበቃትም፤ ሸክላውን ከተማሪዎቿ ጋር ከአካባቢው እየቆፈረች ነው ያስተማረችው። ከተማሪዎቿ ሁለቱ የአሜሪካን የሸክላ ሥነ ጥበብ መልክ የቀየሩ ሰዎች ሆኑ። ፒተር ቩልኮስ የቦዝማን ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ከግሪክ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሩዲ አውቲዮ የመዳብ ማዕድን ከተማ የሆነችው የቡት ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ከፊንላንድ የመጡ ናቸው። ሁለቱም የዘመቱ፣ በዘማቾች የትምህርት ዕድል ኮሌጅ የገቡ ወጣቶች ነበሩ።

በ1951 ሁለቱ ወጣቶች ሄለና ዳርቻ በሚገኘው የአርቺ ብሬይ የጡብ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ብሬይ ጡብ አምራች ቢሆንም ሙዚቃና ሥነ ጥበብ የሚወድ ሰው ነበር፤ በፋብሪካው ግቢ የሸክላ ሠሪዎች መሥሪያ እንዲኖር ፈለገ። ወጣቶቹ ቀን ለፋብሪካው ጉልበታቸውን ይሰጡ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የራሳቸውን ዕቃ ያበጁ ነበር። የመሥሪያ ቤቱንም ጡብ በጡብ ላይ እየካቡ ያቆሙት እነሱው ናቸው። በታኅሣሥ 1952 እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች፣ ጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ሾጂ ሃማዳና የጃፓን የእጅ ጥበብ ንቅናቄ መሪ ሶኤትሱ ያናጊ እዚህ ግቢ ድረስ መጡ። ሃማዳ በማያውቀው ጭቃና በማያውቀው መሽከርከሪያ ላይ ተቀምጦ ያለ ጭንቀት ሲሠራ ማየት በቩልኮስ ላይ ትልቅ አሻራ እንደተወ የታሪኩ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። የቩልኮስ ታሪክ ሲነገር ለውጡ የሚመዘገበው በ1954 ወደ ሎስ አንጀለስ ከሄደ በኋላ፣ የዘመኑን የኒው ዮርክ ረቂቅ ሥዕል ካወቀ በኋላ ነው። እውነት ነው፣ በብሬይ ግቢ የሠራቸው ጠርሙሶችና ማሰሮዎች የተስተካከሉ፣ ለአገልግሎት የሚውሉ፣ ሽልማት ያገኙ ዕቃዎች ነበሩ። ይሁንና ኋላ የመጡትን፣ ከሰው ቁመት ጋር የሚፎካከሩትን፣ የተቆረጡትንና የተደራረቡትን ቁልሎች ሳይ የምታየኝ የጡብ ፋብሪካዋ ናት። ሸክላ በቶን የሚገፋበት፣ በማሽን የሚቆረጥበት፣ በቀፎ መሰል ግዙፍ ምድጃ የሚተኮስበት ግቢ የኖረ ሰው ጭቃን እንደ ብርቅ ነገር አይፈራውም። ለቀድሞ ሸክላ ሠሪዎች ስንጥቅና ስብራት ጥፋት ነበር፤ እዚያ ግቢ ግን የተሰበረ ጡብ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አውቲዮ ደግሞ በብሬይ ለሕንፃ ግድግዳ የሚሆኑ የሸክላ ቅርጾች ሲሠራ ቆይቶ፣ ከ1957 ጀምሮ ሚዙላ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ለ28 ዓመታት አስተማረ። በእጅ በተገነቡት ማሰሮዎቹ ላይ ሴቶችና ፈረሶች እየተጠማዘዙ ይዞራሉ፤ ማሰሮው ራሱ የሚታጠፍ ገላ ይሆናል። ጡብ ማምረቱ በ1960 ቆመ። ብሬይ የመሠረተው ድርጅት ግን ዛሬም ከመላው ዓለም የሚመጡ ሸክላ ሠሪዎችን ይቀበላል፤ አሮጌዎቹ ምድጃዎችም በግቢው አሉ።

በዚያው ዘመን በእርባታው ላይ ሆነው የሣሉም ነበሩ። ኢዛቤል ጆንሰን በአብሳሮኪ አካባቢ ከብት እያረባች የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሴዛንን ትምህርት በራሷ ኮረብታ ላይ ፈተነች። ቢል ስቶክተን ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ ተምሮ ተመለሰና ግራስ ሬንጅ ላይ በግ አረባ፤ ሠዓሊነቱንም አልተወም። ጄኒ ዴዊስ ከባለቤቷ ከሮበርት ጋር በ1949 ቦዝማን ሰፍራ፣ በኋለኛው ዘመኗ ከብት አርቢዎች እንስሳ ምልክት የሚያደርጉበትን ወፍራም የቀለም ዱላ ለሥዕል ተጠቀመች። ያ ዱላ ትንንሽ ነገር መሣል አይችልም፤ እጅን ፈጣንና ደፋር ያደርጋል። ሥዕሎቿ ላይ ያለው ሰፊ መስመር የመጣው ከእርባታ ዕቃ መደብር ነው። በካታሎግ ላይ ይህ ነገር እንደ ጨዋታ ጣል ተደርጎ ይታለፋል፤ እኔ ግን ከየትኛውም የአውሮፓ ተጽዕኖ እኩል ሊጠና ይገባዋል እላለሁ። የጄኒና የእኩዮቿ ሥራ «ዘግይቶ የደረሰ ዘመናዊነት» ተብሎ ሲመደብ ይቆጨኛል። ዘመናዊነቱ በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ጊዜ የመጣ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፤ ሠዓሊው የሚቆፍረው መሬት፣ የሚያረባበት ሜዳ በእጁ አለ። መሬቱ በእጁ የሌለ ሰው ከመሬቱ ሥራ ምን ቁስ ያገኛል? የጆን ኩዊክ-ቱ-ሲ ስሚዝ ሥራ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስሚዝ በ1940 በፍላትሄድ ሪዘርቬሽን፣ ሴንት ኢግናሽየስ ተወለደች፤ የተባበሩት የሳሊሽና ኩተናይ ነገዶች አባል ነበረች። የተወለደችበት መሬት የራስል ሥዕል ከመሰቀሉ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለሰፋሪ የተከፈተው ያው መሬት ነው። አባቷ ፈረስ ይነግዱ ነበር። እሷ በልጅነቷ እርሻ ላይ ተቀጥራ ሠርታለች። ኮሌጅ ስትገባ ሴት ሠዓሊ መሆን አትችልም ተባለች፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በ1976፣ ሁለተኛውን ደግሞ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ በ1980 አገኘች። ኑሮዋ ኒው ሜክሲኮ ሆነ፤ በጥር 2025 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ግን ፍላትሄድ ከሥራዋ አልወጣም።

ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበት 500ኛ ዓመት በተከበረበት በ1992 የሠራችው «ንግድ፦ ከነጮች ጋር መሬት ለመለወጥ የሚሆኑ ስጦታዎች» በኖርፎክ የክራይስለር ሙዚየም ይገኛል። ሦስት ሸራዎች ጎን ለጎን ገጥመው አራት ሜትር ከሩብ ያህል ይረዝማሉ። ከሩቅ ሲታይ አንድ ታንኳ በመስመር ብቻ ተነሥቶ ዙሪያው በቀይና በነጭ ቀለም ታጥቧል፤ ቀለሙ እየተንጠባጠበ ወርዷል። ሲቀርቡት ቀለሙ ሥር ወረቀት አለ፦ ቻር-ኩስታ ከተባለው የነገዱ ጋዜጣ የተቆረጡ ዜናዎች፣ የማስታወቂያ ምስሎች፣ የሥዕላዊ መጽሔት ገጾች፣ የጎሽና የአጋዘን ፎቶዎች። ከሸራው በላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተዘርግቶ ዕቃ ተንጠልጥሎበታል፤ በነባሮቹ ስም የሚጠሩ የስፖርት ቡድኖች ቆቦች፣ የላስቲክ መጥረቢያ፣ የልጆች መጫወቻ የላባ አክሊል፣ የዶቃ ቀበቶ። አባባሉ ግልጽ ነው፤ በብልጭልጭ ዕቃ መሬታችንን ወሰዳችሁ፣ እነሆ ብልጭልጩን መልሰን ልንሰጣችሁ፣ መሬቱን መልሱ።

ሥራው በመፈክር አለመቅረቱ ግን የሚገባን ከጋዜጣው ነው። ስሚዝ የለጠፈችው የዘመኗን የሪዘርቬሽን ዜና ነው፤ የሚኖር፣ የሚከራከር፣ በራሱ ጋዜጣ የሚጽፍ ማኅበረሰብ ከቀለሙ ሥር ይነበባል። የተንጠለጠለው ዕቃ ደግሞ ያንን ማኅበረሰብ የማያውቅ ገበያ የሠራው ነው። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ላይ ሲገናኙ፣ ለነባሩ ሠዓሊ በእጁ የቀረለት ቁስ ስለ እሱ የተሠራው ሸቀጥ መሆኑ ይገለጣል። ጄኒ ዴዊስ ከመደብር ያነሣችው የከብት ቀለም የአካባቢዋ ኑሮ አካል ነበር። ስሚዝ ከመደብር ያነሣችው መጥረቢያ ግን የእሷን ሕዝብ መጫወቻ ያደረገ ነው። ሁለቱም ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ይጠቀማሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የመሬቱ ታሪክ ነው።

ከዚያው ዓመት ሥራዎቿ ሌላውን፣ አናቱ ላይ የዳርት መወርወሪያ ሰሌዳ ያለውን «ቀይ ይታየኛል፦ ዒላማ»፣ ዋሽንግተን የሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2020 ገዛው። በዚያ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የነባር አሜሪካዊ የቀለም ቅብ እሱ ነው። ሥራው ከተሠራ 28 ዓመት፣ ሙዚየሙ ለሕዝብ ከተከፈተ 79 ዓመት አልፎ ነበር። ስሚዝ በሩ ሲከፈትላት ብቻዋን አልገባችም፤ በ2023 በዚያው ሙዚየም የሌሎች ነባር ሠዓሊያንን ሥራ ያሰባሰበ ዐውደ ርእይ አዘጋጀች።

ዌንዲ ሬድ ስታር ከስሚዝ በ41 ዓመት ታንሳለች። በ1981 በቢሊንግስ ተወልዳ በክሮው ሕዝብ ሪዘርቬሽን አደገች፤ ቦዝማን ተምራ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደች። በ2006 የሠራቻቸው አራት ፎቶዎች «አራት ወቅቶች» ይባላሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክር በእነሱ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ያህል ነው። በየፎቶው ራሷ ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን ጥርስ የተሰፋበትን የክሮው ቀሚስ ለብሳ በክብር ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያለው ተራራና ሐይቅ የታተመ ፖስተር ነው፤ የወረቀቱ የእጥፋት መስመር ተራራውን አቋርጦ ይታያል። ሣሩ ሰው ሠራሽ ነው፣ አበባው ፕላስቲክ፣ አጋዘኑ በአየር የተነፋ። በቦታው ያለ እውነተኛ ነገር ሴትዮዋና ቀሚሷ ብቻ ናቸው። መልክዓ ምድሩ ጌጥ መሆኑ ሲጋለጥ፣ ጌጥ ተደርጋ ትታይ የነበረችው ሰው ሰው ሆና ቀረች።

በ2014 ደግሞ ወደ መዝገብ ቤት ሄደች። በ1880 የክሮው አለቆች ስለ መሬታቸውና በዚያ ሊያልፍ ስለታሰበው የባቡር ሐዲድ ለመነጋገር ዋሽንግተን ሄደው ነበር፤ በዚያም ቻርልስ ቤል የተባለ ባለሙያ ፎቶ አነሣቸው። ከመካከላቸው ሜዲሲን ክሮው የተባለው አለቃ ምስል ከመቶ ዓመት በኋላ ያለ ታሪኩ እየተባዛ የሻይ መጠጥ ጠርሙስ ላይ ሳይቀር ታየ። ሬድ ስታር ምስሎቹን አሳትማ በቀይ ብዕር ጻፈችባቸው፦ ይህ ላባ ምንድን ነው፣ ሸሚዙ ላይ የተሰፋው የእንስሳ ቆዳ የትኛውን የጦር ሜዳ ሥራ ይመሰክራል፣ ሰውየው የማን ልጅ፣ የማን ባል ነው። ቀዩ መስመር የሸሚዙን ጠርዝ፣ የፀጉሩን አሠራር ተከትሎ ይዞራል። ይህ የመምህር እርማት ነው፤ የሚታረመው ግን ፎቶውን ያለ ስም ሲያዞር የኖረው ሰው ነው።

በሥራው ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ጽሑፉ በበዛበት ቦታ ተመልካቹ ማንበብ ይይዝና ፊቱን ማየት ይተዋል፤ ሰውየው ከማስረጃው ጀርባ ይደበቃል። ጽሑፉ በሳሳባቸው ምስሎች ላይ ፊትና ቃል እኩል ይናገራሉ፤ ስብስቡን የሚያይ ሰው ከእነዚያ ቢጀምር ይሻላል። ደግሞ ሜዲሲን ክሮው በጉዞው ያያቸውን እንስሳት ራሱ በሥዕል መዝግቦ ተመልሷል። ቤል እሱን ሲያነሣው ሁለት ምስል ሠሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። የሞንታና ሥነ ጥበብ ታሪክ በራስል ወደ ግዛቷ መምጣት፣ በዚያው በ1880፣ የሚጀምር ተደርጎ በሚጻፍበት ሁሉ፣ የሜዲሲን ክሮው ሥዕሎች በዚያው ገጽ ላይ መግባት አለባቸው።